መንገድ ከአጥር ይቅደም፤ የጅማ ጎዳናዎች ታሪክና ትምህርቱ

ሰው ቤት ሊሠራ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው፣ ስለ በሩና ስለ መስኮቱ ነው። ከበሩ ወጥቶ የሚሄድበትን መንገድ የሚያስታውሰው ግን ብዙውን ጊዜ አጥሩን አጥሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። የግለሰቡ እንዲህ መሆን ብዙ አያስደንቅም፤ ቤቱ የእርሱ ነው፣ መንገዱ ግን የሁሉ ነውና። የሁሉ የሆነውን ነገር አስቀድሞ እንዲያስብ አደራ የተሰጠው የከተማ አስተዳደር እንደ ግለሰቡ ያሰበ እንደ ሆነ ግን፣ ጉዳቱ ለአንድ ትውልድ ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ይሆናል። ቤት ያረጃል፣ ባለቤቱም ይለወጣል፤ መንገድ ግን አንድ ጊዜ ከተቀየሰና ግራና ቀኙ በሰው ከተያዘ በኋላ፣ መንግሥት ሲለወጥ እንኳ ከመሥመሩ በቀላሉ አይነቃነቅም።

ይህን አሳብ በደረቁ ከመናገር ይልቅ በአንድ ከተማ ታሪክ ብናስረዳው ይሻላል ብለን ጅማን መርጠናል። ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና አገር ከተማ ናት። ሁለት መቶ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ንጉሥ፣ ባዕድ ገዢ፣ ማዘጋጃ ቤትና ቀበሌ በየተራቸው መንገድ የወሰኑባት ስለ ሆነች፣ ስለ ጎዳና ሥርዐት ለመማር ለሚሻ ሰው እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ናት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እኛም ከጅሬን ኮረብታ እንጀምራለን።

የጅማ መንግሥት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1830 ገደማ በቀዳማዊ አባ ጅፋር ተመሠረተ። ዳግማዊ አባ ጅፋርም ከ1878 እስከ 1932 ባለው ረጅም ዘመን ጅሬንን መናገሻ አድርገው ገዙ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬ ከምናየው የከተማ መካከል ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኮረብታው ራስ ላይ የቆመ ነው። ገበያው ግን ከኮረብታው በታች በሒርማታ ነበር። በገበያው አጠገብም ከሰሜን የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚሰፍሩበት፣ መንደራ የሚባል ሰፈር ነበረ፤ ስሙም መንደራ ቆጪና አዌቱ መንደራ በሚባሉት የጅማ ቀበሌዎች ስም ውስጥ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ስለዚህ ጅማ በመጀመሪያ ሦስት ነገር ነበረች ማለት ይቻላል፤ በላይ ቤተ መንግሥት፣ በታች ገበያ፣ በሁለቱም መካከል መንገድ።

የዚያን ዘመን አስተዳደር ያጠናው አሜሪካዊው ኸርበርት ሉዊስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ አገሩ በስድሳ ቆሮ የተከፈለ ነበር፤ የእያንዳንዱም ሹም አባ ቆሮ ይባል ነበር። አባ ቆሮ በግዛቱ ያለውን ሕዝብ እየጠራ መንገድ ያስጠግናል፤ በአገሩ ዳርቻም መንገዱ የሚያልፍባቸው ኬላዎች ስለ ነበሩ፣ የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ በዚያ ይታያል፣ ቀረጡንም በዚያ ይከፍላል። እንግዲህ በጅሬን ዘመን መንገድ ባለቤት ነበረው። ማን እንደሚጠግነው፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ከወዴት ወደ ወዴት እንደሚያደርስ የታወቀ ነበር። በዚያ ዘመን የሚሄደው እግረኛና የጭነት በቅሎ ስለ ነበር ስፋቱም ለእነዚሁ የሚበቃ ነበር።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ በማር ለውሶ ማቅረብ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። በዚያ ጎዳና ላይ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ማርና ዝባድ ብቻ አላለፈም፤ በባርነት የተሸጠ ሰውም ተነድቶበታል። መንገዱን የሚጠግነውም ሕዝብ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ሳይሆን የግዴታ ሥራ የሚሠራ ገባር ነበር። ከዚህ የምንማረው እንግዲህ የመንገድ ሥርዐት መኖሩ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ሥርዐቱ ለማን ጥቅም እንደ ቆመ ደግሞ አብሮ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ነው።

ይህን ጥያቄ ይበልጥ የሚያጠብቀው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ፋሽስት ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ጅማን በያዘ ጊዜ፣ ምሥራቅ አፍሪካን ከከፈለባቸው ግዛቶች የአንዱ ዋና ከተማ አደረጋት። ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት ለጎንደርና ለጅማ ፕላን ነደፈ፤ ይኸው ሰው ኋላ በአልባኒያ ለቲራና ከተማም ፕላን አውጥቷል። በኮረብታው ያለው ቤተ መንግሥት ተትቶ፣ በሜዳው አዲስ ከተማ በገመድና በችካል ተቀየሰ። ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉና ሰፋፊዎች፣ የመኪና መተላለፊያቸውም በቂ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውም የመኪና መንገድ በዚያ ዘመን ተሠራ። ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም ከዚያ ዘመን ጋር ያስተሳስረናል።

ነገር ግን የዚያ ፕላን ዋና አሳብ የጎዳና ስፋት ሳይሆን መለያየት ነበር። ጣሊያኖች በየከተማው ለነጭና ለጥቁር የተለያየ ሰፈር ይከልሉ ነበር። በአዲስ አበባ ገበያውን ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ የወሰዱትና ለአገሬው ሰው የሚሆን አዲስ ከተማ የሚባለውን ሰፈር ያወጡት በዚሁ አሳብ ነው፤ የዛሬው መርካቶ መነሻም ይኸው ነው። በጅማም እንዲሁ ለነጩ የተቀየሰው መንገድ ሰፊና የለማ፣ ለአገሬው የተተወው ጠባብና ያልለማ ሆነ። ጅማ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የመለያየቱ ሕግ በአንድ ቀን ተሻረ፤ መሥመሩ ግን በምድሩ ላይ ቀረ። አዋጅ ሲሻር ወረቀት ይቀደዳል፤ መንገድን ለመሻር ግን ቤት ማፍረስ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ነው ክፉ አሳብም ሆነ መልካም አሳብ ከሁሉ ይልቅ በጎዳና ላይ ረጅም ዕድሜ የሚያገኘው።

ከነፃነት በኋላ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ፤ የኢትዮጵያ ከተሞችም በሕግ የታወቀ የማዘጋጃ ቤት አስተዳደር አገኙ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቁሞ ትልልቆቹን መንገዶች መጠገንና ማሠራት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ብሎ ስለ ነበር፣ የቡና አገር ከተሞች እንደ አጋሮና እንደ ሊሙ ገነት ያሉት እየሰፉ ሄዱ። በእነዚህ ከተሞች ቤትና ሱቅ በመኪናው መንገድ ግራና ቀኝ ይሰለፋል። ከፊት ያለው ባለ ሱቅ የጎዳና ጥቅም ያገኛል፤ ከጀርባው የሰፈረው ግን በሰው ግቢ እየተሽሎከለከ የሚወጣ ይሆናል። አውራ ጎዳናውን የሚያሠራ ባለ ሥልጣን ነበረ፤ ከአውራ ጎዳናው ጀርባ ያለውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚያስብ ግን ጥቂት ነበር።

መሬቱ በዚያን ጊዜ የግል ስለ ነበር፣ ባለቤቱ እየቆረሰ ሲሸጥ ለመንገድ የሚተወውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ራሱ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ወደ መንገድ መውጫ የሌለው ባለ መሬት ካሳ ከፍሎ በጎረቤቱ መሬት መተላለፊያ እንዲጠይቅ መብት ሰጠው። ይህ መልካም ሕግ ነው፤ ሆኖም ስህተት ከተሠራ በኋላ የሚያስታርቅ እንጂ ስህተቱን አስቀድሞ የሚከለክል አይደለም። ሁለት ጎረቤቶች ስለ አንድ መተላለፊያ ፍርድ ቤት እስኪቆሙ ድረስ የሚጠብቅ ከተማ፣ መንገዱን የሚቀይሰው በችካል ሳይሆን በክስ ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ቀበሌም የሰፈር አስተዳዳሪ ሆነ። ከዚህ ወዲህ ለመንገድ የሚሆነውን መሬት ለመተው የግል ባለ መሬትን መለመን ቀረ፤ መሬቱን የሚሸነሽነውና መንገዱን የሚቀይሰው አንድ መንግሥት ሆነ። ምክንያት የሚሆን ነገር ሁሉ ስለ ተወገደ፣ ከዚያ በኋላ ለሚጠበው መንገድ ተጠያቂው የታወቀ ነው፤ እኛው የመንግሥት ሠራተኞች ነን።

እዚህ ላይ ሌላው ዓለም ስለዚህ ነገር ምን እንዳደረገ መመልከት ይጠቅማል። የእስፓኝ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊጶስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1573 በአሜሪካ ለሚቆረቆሩ ከተሞች ባወጣው ደንብ፣ በብርድ አገር ጎዳናው ሰፊ፣ በሙቀት አገር ግን ጠባብ ይሁን ብሎ አዘዘ፤ ፀሐይና ጥላ በመንገድ ስፋት እንደሚገዙ አውቆ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኮሌራና ሌላ ተላላፊ በሽታ በተጨናነቁት የሠራተኛ ሰፈሮች ብዙ ሰው ስለ ፈጀ፣ የ1875ቱ የጤና ጥበቃ ሕግ የየከተማው አስተዳደር ስለ አዳዲስ መንገዶች ስፋትና ስለ ፍሳሽ ደንብ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣውም የአርአያ ደንብ፣ ሠረገላ የሚሄድበት አዲስ መንገድ ከ36 ጫማ፣ ይኸውም ከ11 ሜትር ያህል እንዳያንስ ወሰነ። ይሁንና ደንቡ ያለ ማስተዋል በየቦታው ሲፈጸም፣ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነትና ዛፍ አልባ ሆነ የሚል ወቀሳ ተነሣ። በ1906 በለንደን አጠገብ ለተሠራው የሃምፕስቴድ የአትክልት ሰፈር የተለየ ሕግ ወጥቶ፣ ትንንሾቹ መንገዶች እንዲጠቡ፣ በፊት ለፊት የሚተያዩት ቤቶች ግን 50 ጫማ ያህል እንዲራራቁ ተፈቀደ። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የመንገድ ልክ ከአየሩ፣ ከጤናውና ከአካሄዱ የሚወጣ እንጂ ከሌላ አገር መጽሐፍ የሚገለበጥ አለመሆኑን ነው።

በአገራችንም ዛሬ ሕጉ የለም ለማለት አይቻልም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በ2000 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖራቸው አዝዟል። መንገዶችም አውራ፣ ሰብሳቢና የውስጥ ለውስጥ እየተባሉ በደረጃ ይከፈላሉ። ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ ይሁን የሚለውም መመሪያ በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ነው። እንግዲህ ጉድለቱ ከወረቀቱ ላይ አይደለም፤ ከወረቀቱ እስከ ችካሉ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ለምን እንደሚጎድል በቀላል ስሌት እንመልከት። አንድ የጭነት መኪና ወርዱ 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው። 6 ሜትር በሆነ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ሲተላለፍ የሚቀረው 1 ሜትር ብቻ ነው፤ ለእግረኛውም ለጎርፉም ቦታ የለም። መንገዱ 10 ሜትር ቢሆን ግን ለመኪናው 6 ሜትር፣ ከዚያም በየጎኑ ለቦይ 1 ሜትር፣ ለእግረኛ 1 ሜትር ይገኛል። ይህ ትርፍ ስፋት ምን ያስከፍላል? የእያንዳንዱ ቦታ ፊት 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር ቢሆን፣ አቋራጭ መንገዶችን ሳንቆጥር፣ በአንድ ሄክታር ላይ 6 ሜትር መንገድ ትተን 43 ቦታ፣ 10 ሜትር መንገድ ትተን ደግሞ 40 ቦታ ይወጣልናል። ልዩነቱ ሦስት ቦታ ነው። ለሦስት ቦታ ብለን የአርባ ቤተሰብ መንገድ እንሸጣለን ማለት ነው። ደግሞም ያንኑ 200 ካሬ ሜትር አዙረን 20 ሜትሩን ፊት ብናደርገው፣ ለ10 ሜትር መንገድ የሚሄደው መሬት ከአምስት አንዱ የነበረው ከሦስት አንዱ ይሆናል። ስለዚህ ብልህ ቀያሽ መንገዱን ከማጥበብ ይልቅ የቦታውን ፊት ያጠብባል።

ይህን ስሌት በወንበራችን ላይ ሆነን ብቻ አላወቅነውም። በአንድ ክረምት ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር በጅማ ዳርቻ ወዳለ አንድ አዲስ ሰፈር ለሥራ ወርደን ነበር። በያዝነው ካርታ ላይ መንገዱ 10 ሜትር ነው። ሜትሩን ዘርግተን ስንለካው በመግቢያው 9፣ በመካከሉ 7፣ በመጨረሻው ከ5 ሜትር በታች ሆኖ አገኘነው። ማንም ሰው መንገዱን አልዘጋውም፤ እያንዳንዱ አጥሩን ባደሰ ቁጥር አንድ ክንድ ብቻ ወደ ፊት ተራምዷል። ከአጥሩ ተደግፎ የሚመለከተን አንድ ሽማግሌ፣ «ልጆቼ፣ ሜትሩን ተዉትና ባለፈው ሌሊት የሆነውን ጠይቁኝ» አለን። ምጥ የያዛትን የጎረቤቱን ልጅ ሊወስድ የመጣው አምቡላንስ ከመግቢያው ላይ ቆሞ፣ የሰፈሩ ጎልማሶች በዝናብ፣ በጭቃ ውስጥ እየተንሸራተቱ በቃሬዛ እስከዚያ እንዳደረሷት ነገረን። «አላህ ይመስገን በሰላም ተገላገለች» አለና ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ከጠፋው መንገድ ውስጥ ግን የእኔም ክንድ አለበት» ብሎ አጥሩን አሳየን።

ሽማግሌው የራሱን ጥፋት ባመነ ጊዜ እኛ አፈርን። ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ካርታውን ያደለው የመንገዱ ችካል ሳይተከል ነበር። ባለ ቦታው ድንበሩን የሚያውቀው ከጎረቤቱ አጥር ተነሥቶ ነው፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። ከእኛም መካከል ቦታውን ሳያይ በካርታ ላይ የፈረመ አልታጣም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእኛ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱ ሁሉ የጨረቃ ቤት የሚሠራው ድኻ ነው ይላሉ። እርግጥ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ቤት ፕላንን ያበላሻል። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 120,960 ሰው የነበረባት ጅማ ከዚያ ወዲህ እየሰፋች ስትሄድ፣ ቀያሹ ከሰፋሪው ኋላ ከደረሰ ሰፋሪው ያገኘውን ይይዛል። መንገድ ቀድሞ በተቀየሰበትና ችካሉ በሚታይበት ሜዳ ላይ ድኻም ቢሆን በመንገዱ መካከል ጎጆ አይቀልስም።

ዘግይቶ የሚደረገው ማስፋፋት ምን እንደሚያስከፍል የቅርቡ ዘመን አሳይቶናል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞች ሲሻገር ጅማም ደርሷል። የእግረኛ መንገድ መስፋቱ፣ የወንዝ ዳር መጽዳቱ ሁሉም ሲመኘው የኖረ ነገር ነው። ሆኖም መንገድ በቤት ላይ ሲሰፋ፣ ያ ቤት የሰው ኑሮና የልጅ ትዝታ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። ትናንት በሦስት ቦታ ዋጋ ይገኝ የነበረው ስፋት ዛሬ በስንት ቤት ይገዛል? ዛሬ በዳርቻው የምንሸነሽነው ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በኋላ የከተማው መካከል ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ማፍረስ እንዳያስፈልግ የሚወስነው የዛሬው ችካል ነው።

ስለዚህ ከጅማ ታሪክ ሦስት ነገር ለይተን ለባልደረቦቻችን ለማሳሰብ እንወዳለን። አንደኛ፣ በአዲስ ሰፈር የመንገዱ ችካል ሳይተከልና ቦዩ ሳይቆፈር የማንም ቦታ ካርታ አይታደል፤ በክረምት ዝናቡ በሚበረታበት በጅማ አገር፣ ቦይ የሌለው መንገድ ራሱ ቦይ ይሆናልና። ሁለተኛ፣ ሁሉም መንገድ ሰፊ ይሁን አንበል፤ አውራው ለመኪናውና ለገበያተኛው ይስፋ፣ የውስጡ ግን ባጃጅ እንዳይፈነጭበት፣ ልጅ እንዲጫወትበት በልኩ ይሁን፤ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ግን ከቶ አይኑር። ሦስተኛ፣ እንደ ጅሬን ዘመን መንገድ ባለቤት ይኑረው። በግዴታ ሳይሆን በፈቃድና በሕግ፣ የሰፈሩ ሰው ከቀበሌው ጋር ሆኖ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ችካሉን ይቁጠር፣ አጥሩንም ይለካ።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዛሬ የታሪክ ቅርስ ሆኖ ጎብኚ ይወጣበታል። ጣሊያንም ከሄደ ብዙ ዘመን ሆነው። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ግን ሰው እንደ ጥንቱ ወደ ጅማ ገበያ ይጎርፋል፤ የሸክም ቅርጫቱን የያዘች እናት፣ ጆንያ የተሸከመ ጎልማሳ፣ ደብተሩን ያቀፈ ተማሪ በአንድ ጎዳና ይተላለፋሉ። መንገድን የሚለካው መሐንዲስ፣ በካርታው ላይ የሚፈርመው ሹም፣ አጥሩን የሚያድሰው ባለ ቤት ሁሉ እነዚህን ተላላፊዎች በዓይነ ልቡናው ይመልከት። ችካሉ በሚተከልበት ቀን በዚያ ሜዳ ላይ ገና ማንም አይኖርምና የሚከራከርላቸው የለም። ያን ቀን ስለ እነርሱ መከራከር የእኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግዴታ ነው።